የሞተ ላፕቶፕ አፈታት፦ ምኑ ይወጣል፣ ምኑ አይነካም፣ የት ይሄዳል

ላፕቶፕ «ሞተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው አንድ ነገር ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል፣ ወይ ማጠፊያው ተገንጥሏል፣ ወይ ሻይ ፈሶበታል፤ ሌላው ዕቃ ደህና ነው። ደህናው ከሞተው ጋር ተዳብሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ዓመታት ይቀመጥና ለበዓል ቤት ሲጸዳ ወይ ለቆራሌው በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። እኔ መገናኛ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ይዤ ላፕቶፕ የምጠግን ሴት ነኝ። ከኋላዬ ያለው መደርደሪያ በእንዲህ ዓይነት ሬሳ የተሞላ ነው፤ ደንበኛ ይዞት የሚመጣው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚድነው ከዚያ በሚወጣ ዕቃ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ መውጣት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ባትሪው፣ ዲስኩና ራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ ለጊዜው የሚያስታውስበት ትንሽ ሰሌዳ)። ባትሪው አደገኛ ነው፤ ዲስኩ ላይ ምስጢራችሁ አለ፤ ራሙ ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ወጥቶ ሌላ ላፕቶፕ ውስጥ ይሠራል። የቀረውን ሳትበትኑ ለጠጋኝ ብትሰጡት ይሻላል። ስክሪኑ ከነክዳኑ፣ ኪቦርዱ ከነአካሉ ሲመጣልኝ ዋጋ አለው። በፌስታል የታጨቀ ብሎንና የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሲመጣልኝ ግን በሚዛን ከመሸጥ በቀር ምን አደርገዋለሁ? እንዲያም ሆኖ ልጆቹን ሊያስተምር የሚፈልግ፣ ወይ ጠጋኝ በቅርብ በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው እስከ መጨረሻው ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በየተራው እነግራችኋለሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ትንሽ መስቀል አፍ ካቻቢቴ፣ አንዳንዴም ኮከብ አፍ፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ ናስትሮ፣ መነጽርና አንድ ካርቶን። በካርቶኑ ላይ የላፕቶፑን ጀርባ በእስክሪብቶ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን ባወጣችሁበት ቦታ ሥዕሉ ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ። «ለመጣል የምፈታውን ምን አስጨነቀኝ» አትበሉ። አካሉን የሚወስድ ጠጋኝ ብሎኖቹን ይፈልጋቸዋል፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ደግሞ ከወዲያ በኩል በስቶ ይወጣል። ሥራውን አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ይሁን፣ ሕፃናትም አይጠጉ።

ባትሪው

ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ቀጥሎ ባትሪው ነው። በየቤቱ ያሉት የድሮዎቹ ቶሺባ ሳተላይቶችና ዴል ላቲቲዩዶች ባትሪያቸው ከታች ነው፤ ተንሸራታቹን መቆለፊያ ወደ ጎን ስትገፉት ይወጣል። በዚያ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ፣ 65 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ክብ ሴሎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ 6 ናቸው። የአዳዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ባትሪ ግን ከውስጥ ነው፤ በስስ ፎይል የተጠቀለለና ጠፍጣፋ። እንደዚህ ዓይነት ከሆነ የታችኛውን ክዳን ፈታችሁ እንዳነሣችሁ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ባትሪውን ከቦርዱ የሚያገናኘውን ሶኬት በጥፍራችሁ ወይም በካርዱ ጠርዝ ንቀሉ። ላፕቶፑ አሁንም የሚበራ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ቻርጁን አስጨርሱት፤ ያልሞላ ባትሪ አደጋ ቢደርስበት የሚያወጣው እሳት ያነሰ ነው።

ያበጠ ባትሪ ሳይከፈትም ይታወቃል። ማውሱ ያለበት ሰሌዳ ወደ ላይ ተነሥቶ አልጫን ይላል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል፣ ክዳኑ በአንድ በኩል ይከፈታል። ካበጠ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አታጥፉት። «ጋዙ ይውጣለት» ብለው በመርፌ የሚበሱ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ከውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። ጠፍጣፋው ባትሪ በሙጫ ከተጣበቀ ካቻቢቴ ሰዳችሁ አትፈልቅቁ። በካርዱ ቀስ እያላችሁ ከጠርዝ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ተዉት፣ ላፕቶፑን እንዳለ ለጠጋኝ ውሰዱ። ማጨስ ከጀመረ ደግሞ ሁሉንም ጥላችሁ ውጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

የወጣውን ባትሪ ብረት መሰል ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑና ደረቅ አሸዋ ባለበት ጣሳ ወይም የሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ክዳኑ ጥብቅ አይሁን። ከምድጃና ከመኝታ ይራቅ። ከቆሻሻ ጋር ብትጥሉት የቆሻሻ መኪናው ሲጨምቀው እዚያው ሊቀጣጠል ይችላል። ረጲ፣ ቆሼ ማለቴ ነው፣ ደርሶ ቢተርፍ ደግሞ በእጁ እየለቀመ የሚያድር ሰው ያገኘዋል።

ጎበዝ ወጣቶች ሣጥኑን ሰብረው ክብ ሴሎቹን ለፓወር ባንክ ወይም ለሶላር መብራት እንደሚያውሉ አውቃለሁ። ከሞተው ባትሪ ውስጥ ደህና ሴል ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ባትሪ የሚገድለው አንዱ ደካማ ሴል ነው። ነገር ግን ቢላው ሲያመልጥ ሁለቱን ጫፍ ያገናኛል፣ ያን ጊዜ ቢላው ራሱ ይግላል። ቮልቴጅ መለኪያና መከላከያ ሰርኪዩት የሌለው ሰው ይህን አይሞክር። ቮልቴጁ ከ2.5 በታች የወረደ ሴል ደግሞ ቻርጅ ሊደረግ አይገባም፤ ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተበላሽቷል።

ባትሪው ከወጣ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። በቦርዱ ላይ የቀረችው ጥቂት ኤሌክትሪክ ትወጣለች። ቦርዱ ላይ ወይም በትንሽ ገመድ ተንጠልጥላ ሳንቲም የምትመስል 3 ቮልት ባትሪም ታገኛላችሁ፤ የላፕቶፑን ሰዓት የምታስኬደው እሷ ናት። እሷንም አውጡና ወዲያው በናስትሮ ጠቅልሏት። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ትጀምራለች፤ ከጠረጴዛ ላይ ወድቃ ብትጠፋ ሳታገኟት ሥራችሁን አትቀጥሉ።

ዲስኩና ራሙ

ሃርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ከታች በራሱ ትንሽ ክዳን ሥር ነው። ሁለት ወይም አራት ብሎን ፈትታችሁ ከሶኬቱ በሚያርቀው አቅጣጫ አግድም ስቡት እንጂ ወደ ላይ አታንሡት። ላፕቶፑ ቢሞትም ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። ማቀፊያ ኬዝ ገዝታችሁ ብታስገቡት በዩኤስቢ የሚሠራ ውጫዊ ዲስክ ይሆናል፤ የላፕቶፕ ዲስክ 5 ቮልት ብቻ ስለሚበቃው ሌላ ቻርጀር አይጠይቅም። የሠርግ ፎቶው፣ የፓስፖርት ስካኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያ ነው። ቅዱት።

ከቀዳችሁ በኋላ ዲስኩን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ሪሳይክል ቢን ማጽዳት ማጥፋት አይደለም። ፈጣኑ ፎርማትም አይደለም፤ እሱ የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ስለሆነ ፋይሉን መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም ሞልቷል። በዊንዶውስ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሡና ሙሉውን ፎርማት አድርጉ፤ ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ያን ጊዜ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞሉታል። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። መብራት ከሄደ እንደገና ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሰሌዳ የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም፤ አምራቹ የሚያወጣውን የራሱን ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

ዲስኩ ራሱ የሞተ ከሆነና የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለበት ሰባብሩት። መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት መነጽር አድርጉ፤ የላፕቶፕ ዲስክ ውስጥ ያለው የሚያብረቀርቅ ክብ ሰሌዳ በአብዛኛው ከመስታወት የተሠራ ነው፣ ሲመታ እንደ አሸዋ ይበተናል። ዲስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ምቱት። ሊከፍቱት ለሚወዱ፦ ኮከብ አፍ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፣ አንዱ ብሎን ከስቲከሩ ሥር ተደብቋል፣ ከውስጥ የሚወጡት ሁለት ማግኔቶችም ጣት የሚቆነጥጡ ናቸው። የእኔ ሱቅ ካቻቢቴዎች ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉት በእነዚህ ማግኔቶች ነው።

ራሙን ለማውጣት በግራና በቀኝ የያዙትን ሁለት ትንንሽ ክንዶች ወደ ውጭ ግፉ፤ ራሙ ራሱ ተንሥቶ ያዘነብላል፣ ያን ጊዜ ጠርዙን ይዛችሁ ሳቡ። ወርቃማ ጥርሱን በጣት አትንኩ። ስቲከሩ ላይ ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ይላል፤ ከታች ያለው ክፍተት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የዲዲአር3 ራም አሁንም ፈላጊ አለው፤ የየትምህርት ቤቱና የየቢሮው አሮጌ ላፕቶፕ በእሱ ነው የሚሠራው። ዋይፋይ ካርዱም እዚያው አጠገብ ነው፣ በአንድ ብሎን የተያዘ። ሁለቱን ቀጫጭን ገመዶች ወደ ላይ ነቅላችሁ አውጡት። የሲዲ ማጫወቻ ካለው አንድ ብሎን ከታች ይፈታና እንደ መሳቢያ ይወጣል።

ከዚህ በላይ የምትሄዱ ከሆነ

ትዕግሥት የሚያስፈልገው አሁን ነው። ኪቦርዱን ከላይ የያዙት ጥርሶች በካርድ ይለቀቃሉ፤ በአንዳንዱ ከታች የኪቦርድ ምልክት ያለባቸው ብሎኖች መጀመሪያ መፈታት አለባቸው። ሲነሣ በኃይል አትመንጭቁት፣ ከሥሩ እንደ ሪባን የሳሳ ገመድ አለ። የገመዱን ሶኬት ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከቦርዱ ጋር በተያያዘ ነጭ ፕላስቲክ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ የማትሞላ ጥቁር ወይም ቡናማ ምላስ ተኝታለች። እሷን በጥፍር ጫፍ ወደ ላይ ስታነሷት ገመዱ ያለ ምንም ጉልበት ተንሸራቶ ይወጣል። ገመዱ ከታገለ ምላሷ አልተነሣችም ማለት ነው። በሶኬቱ ዓይነት ምላሷ ወደ ጎን የምትሳብም አለች። የእኔ ተለማማጅ መጀመሪያ የሚማረው ይህችን ነው፤ ይህችን ያወቀ እጅ ሌላው አይከብደውም።

ፋኑና ከመዳብ የተሠራው ሙቀት ማውጫ ቱቦ ማዘርቦርዱ ላይ በአራት ወይም በአምስት ብሎን ታስረዋል፤ ብሎኖቹ አጠገብ ቁጥር ተጽፎ ይታያል፣ በቅደም ተከተሉ ፍቱ። ፋን ብዙ ጊዜ የሚያጉረመርመው በአቧራ ነው እንጂ አልሞተም። ድምፅ ማጉያዎቹ፣ የቻርጀር መሰኪያው፣ ማጠፊያዎቹ ሁሉ ለየብቻ ይወጣሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ማጠፊያው ነው፤ ሰው ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዞ ስለሚከፍት ሁሌ የሚሰበረው እሱ ነው።

አካሉ ቀለል ያለ ብረት ከሆነ ማግኒዚየም ቅይጥ ሊሆን ይችላል። በመጋዝ አትቁረጡት፣ በሞረድም አትሞርዱት፤ የማግኒዚየም ብናኝ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ሲደፉበት ደግሞ ይብስበታል።

ስክሪኑን በሚመለከት ዕድሜውን እወቁ። በግምት ከ2010 በፊት በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ስክሪናቸውን የሚያበራው እንደ እስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ የመስታወት አምፖል ነው፤ በውስጡ ሜርኩሪ አለ። ምልክቱ ቀላል ነው። የስክሪኑን ፍሬም ስታነሡ ከታች በኩል ረጅምና ጠባብ ሰርኪዩት ካያችሁ፣ ከእሱም ወፈር ያሉ ሁለት ገመዶች ወደ ስክሪኑ ከገቡ፣ አምፖሉ የሜርኩሪው ነው። ያ ሰርኪዩት ሲሠራ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል። እንዲህ ዓይነቱን ስክሪን እንዳለ አስቀምጡት፤ ከዚህ ወዲያ አንድም ብሎን አትፍቱ። ከተሰበረባችሁ መስኮት ከፍታችሁ ክፍሉን ለቃችሁ ቆዩ፣ ስብርባሪውንም በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በወፍራም ወረቀት አፍሳችሁ በተዘጋ ማሰሮ አኑሩት። በኤልኢዲ የሚበራ አዲሱ ዓይነት ግን ሜርኩሪ የለበትም። ከጀርባው ያለውን ቁጥር ይዞ የሚስማማ መቆጣጠሪያ ቦርድ ያገኘ ሰው ሞኒተር ያደርገዋል።

ማዘርቦርዱና የወርቁ ወሬ

አንድ አዛውንት ደንበኛዬ የልጃቸውን ሙት ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣

«ልጄ፣ ወርቅ አለበት ይላሉ። ወርቁን አውጪልኝና ሌላውን አንቺ ውሰጂው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አለበት» አልኳቸው፤ «ግን እንዲህ ስስ ሆኖ የተለበጠ ነው። እሱን ለማውጣት የሚገዛው አሲድ ከወርቁ ይበልጣል።»

«እንግዲያውስ እነዚያ በዩቲዩብ የሚያወጡት?»

ለእሳቸው ያልኩትን ለእናንተም ልበል። በዚያ ቪዲዮ የምታዩት ጠብታ ወርቅ ከብዙ ኪሎ ቦርድ የተሰበሰበ ነው። ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግቢ ውስጥ ሲፈላ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባ ያበላሻል፤ ያለቀው አሲድ ደግሞ ከነመዳቡና ከነሊዱ (ከነእርሳስ ብረቱ) ወደ ቦይ ይደፋል፣ ቦዩም ወደ አቃቂ ወንዝ ነው። ቦርዱን ማቃጠልማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ውስጡ እሳት መከላከያ ተብሎ የተቀላቀለው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይሆናል። በሥርዓት አቅልጠው ወርቁን፣ ብሩን፣ ፓላዲየሙንና መዳቡን የሚለዩ ፋብሪካዎች በዓለም ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ቤልጂየም ሆቦከን ውስጥ ያለው ኡሚኮር ነው። የእናንተ ድርሻ ቦርዱን ሳትሰብሩ፣ ባትሪዎቹን አውጥታችሁ፣ እንዳለ ለሚሰበስብ ማድረስ ነው።

ቻርጀሩንም እንዲሁ። ገመዱን ለመዳቡ ብለው የሚያቃጥሉ አሉ፣ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፤ በቢላ ቢላጥ ያው መዳብ ይወጣል። ጥቁሩን ሣጥን ግን አትክፈቱት፣ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የሚሠራ ከሆነ አትጣሉት፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልትና አምፔር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቻርጀሩ 19 ቮልት ከሆነ፣ 19 ቮልት የሚፈልግ ሌላ ላፕቶፕ መሰኪያው ከገጠመና የቻርጀሩ አምፔር ላፕቶፑ ከሚጠይቀው እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ይሠራበታል።

የት ይወሰድ?

የሚሠሩት ዕቃዎች ወደ ጠጋኝ ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠገንባቸው ሕንፃዎች ሁሉ ገዢ አለ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራም ለብረቱና ለተራረፈው ገዢ አይታጣም። ቆራሌውን አልንቅም፤ ከማዘጋጃ ቤት ይልቅ ብረቱን ወደ ሥራ የሚመልሰው እሱ ነው። ግን ባትሪና የሜርኩሪ ስክሪን አትስጡት፤ ብትሰጡት የሚጎዳው ራሱ ነው።

የማይሠራው፣ ማለትም ባትሪው፣ የሞተው ቦርድና አሮጌው ስክሪን፣ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው መሄድ ያለበት። በአገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ነው። አቃቂ ውስጥም የኮምፒውተር ቆሻሻ የሚበተንበት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለክፍለ ከተማችሁ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ማን እንደሚቀበል፣ ባትሪ ይቀበል እንደሆነም ለይታችሁ ጠይቁ። መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ካርቶን አሰባስባችሁ ብትጠሩ ሰብሳቢው ራሱ ይመጣል፤ ለአንድ ላፕቶፕ መኪና የሚያስነሣ የለም።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር፦ አሮጌ ላፕቶፕ ለዘመድ በሻንጣ ስትልኩ ለብቻው የወጣ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፣ በእጅ ይያዝ፤ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አይላክ። እዚያው ያላችሁበት ከተማ የባትሪ መቀበያ ሣጥን የሚያስቀምጡ ሱቆች አሉ። «እዚያ ይጠግኑታል» ብላችሁ የሞተውን ሁሉ አትጫኑብን፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀና ቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ እዚህ ሲደርስ ቆሻሻው የእኛ ነው።

ለጠጋኝ ስትሰጡ ባዶ ወረቀት ላይ ሞዴሉን ጻፉና በናስትሮ ክዳኑ ላይ ለጥፉ። ከሥሩ የሞከራችሁትን ዘርዝሩ፦ «ስክሪን ደህና፣ ኪቦርድ ደህና፣ ቻርጅ አይቀበልም፣ ዲስክና ራም ወጥቷል፣ ባትሪ የለውም።» ሰው ስልክ ደውሎ «ላፕቶፕ አለኝ፣ ትገዣለሽ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ ወረቀቱ ያለው ዕቃ ሲመጣ ሳልከፍተው ዋጋ እነግረዋለሁ።